የቤቴ በር ፎቶግራፍ፦ በስደት አገር ከለላ ስጠይቅ የተማርኩት

በስደት በምኖርበት አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት በስልኬ የደረሰኝን የቤቴን በር ፎቶግራፍ ይዤ ነበር። ከፎቶግራፉ ጋር የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ ከበሩ ሥር የተውኩት ጫማ እና ገና ያላነሳሁት ደብዳቤ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ደብዳቤው የመጣው በዚያው ዕለት ስለነበር ፎቶግራፉም የተነሳው በዚያው ዕለት እንደሆነ አወቅሁ። ተረኛው ፖሊስ ምስሉን አጉልቶ ካየ በኋላ «ዛቻው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አልነበረም። እሱ የሚያውቀው ወንጀል ስም ያለው ወንጀል ነው፤ በር መስበር፣ ሰው መምታት፣ «እገድልሻለሁ» ብሎ መጻፍ። አንድ መንግሥት የተቸውን ሰው ባሕር ማዶ ተከትሎ «የት እንዳለሽ እናውቃለን» ለማለት ቃል እንደማያስፈልገው በዚያች ሰዓት ላስረዳው አልቻልኩም። በቅጹ ላይ ሦስት መስመር ጻፈ፤ እኔም የመዝገብ ቁጥር ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ያንን ቁጥር ሳልጠይቅ በመውጣቴ ሰባት ወር ያህል አጥቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ያንን ጊዜ እንዳያጣ ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ምክንያት አገሬን ጥዬ ስወጣ፣ ጥገኝነት ከተሰጠኝ ዕለት ጀምሮ ተቀባዩ መንግሥት እንደ አንድ ሰው ሆኖ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። መንግሥት ግን አንድ ሰው አይደለም። ጥገኝነቱን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ስለ ፖሊሱ አያውቅም፤ ፖሊሱ ስለ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አይነገረውም፤ የውጭ ጉዳይ ሰዎች ደግሞ ከሸሸሁት መንግሥት ጋር በሳምንቱ መጨረሻ እራት ይበላሉ። በእነዚህ ሁሉ በሮች መካከል ጉዳዬን ይዞ የሚዞር ሰው ከራሴ በቀር እንደሌለ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በሕግ በኩል ያለው መሠረት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33 ማንም ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር እንዳይመለስ ይከለክላል፤ በ1984 የጸደቀው የፀረ ማሰቃየት ስምምነትም በአንቀጽ 3 ተመሳሳይ ክልከላ ያስቀምጣል። ሁለቱም የሚናገሩት በዋናነት ሰውን አሳልፎ ስላለመስጠት ነው። የሸሸነው መንግሥት እጁን ዘርግቶ እዚህ ድረስ ሲመጣ ተቀባዩ አገር ምን ማድረግ አለበት ለሚለው ጥያቄ እኔን በይበልጥ የጠቀመኝ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1998 ኦስማን በተባለው መዝገብ የሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ በአንድ ተለይቶ በሚታወቅ ሰው ሕይወት ላይ እውነተኛና የቀረበ አደጋ መኖሩን ባለሥልጣናት ካወቁ፣ ወይም ማወቅ ከነበረባቸው፣ በሥልጣናቸው ሥር ያለውን ምክንያታዊ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ይህ ውሳኔ በቀጥታ የሚያስገድደው የአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮችን ቢሆንም «ካወቁ ወይም ማወቅ ከነበረባቸው» የሚለው ሐረግ ግን በየትኛውም አገር ለሚኖር ስደተኛ መንገድ ያሳያል። ግዴታው የሚጀምረው ከማወቅ ከሆነ፣ የእኔ ሥራ ማሳወቅ ነው፤ ማሳወቄንም በጽሑፍ ማስቀረት ነው።

ሁለተኛውን ቃል የሰጠሁት እናቴ ከደወለችልኝ በኋላ ነው። እናቴ ሁልጊዜ የምትጠራኝ በቁልምጫ ስሜ ነበር። ያን ቀን ግን በሙሉ ስሜ ጠራችኝ፤ ቀጥላም «ልጄ፣ ከፀረ ሕዝብ ተግባርሽ እንድትታቀቢ እመክርሻለሁ» አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ «ታቀቢ» ብላ አታውቅም። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንዳለ፣ የምታነበውም ሌላ ሰው የጻፈውን እንደሆነ ወዲያውኑ ገባኝ፤ እኔም ለዚያ ለማላየው ሰው ስል ስለ ጤናዋ ብቻ ጠይቄያት ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ደብተር አውጥቼ ሰዓቱን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ያ ደብተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም።

ደብተሩን ስይዝ የረዳኝ አንድ የሕግ ባለሙያ የሰጠኝ ምክር ነው፦ ያየሁትንና የጠረጠርኩትን እንዳልቀላቅል። በግራ ገጽ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ። በቀኝ ገጽ ይህ ከመንግሥት የመጣ ነው ብዬ ለምን እንደማስብ እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ ፎቶግራፉ የደረሰኝ ስለ እስረኞች አንድ ጽሑፍ ካወጣሁ በሁለተኛው ቀን መሆኑን፣ እናቴም የደወለችው በዚያው ሳምንት መሆኑን። ማጋነን ትልቅ ጉዳት አለው። አንድ መርማሪ በአንዲት የተጋነነች ዓረፍተ ነገር ላይ ከተጠራጠረ የቀሩትን እውነተኛ ሃያ ነገሮችም አብሮ ይጠረጥራል። መልእክቶችን ደግሞ፣ ምንም ያህል የሚያስጠሉ ቢሆኑ፣ አትሰርዙ። ሴት በመሆኔ ይደርሱኝ ከነበሩት ስድቦችና በፎቶግራፌ ተቀነባብረው ከተለጠፉ ነውረኛ ምስሎች ብዙውን በኀፍረት ሰርዤ ነበር፤ በኋላ ጥቃቱ በአንድ ቀን ከብዙ አድራሻ የተከፈተ ዘመቻ መሆኑን ላሳይ ስል ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ስለ አስተርጓሚ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ስለዚህ ጉዳይ ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀጠሮ የመጣው አስተርጓሚ ቋንቋዬን አሳምሮ የሚናገር፣ ትሑት ሰው ነበር። እኔ «እናቴን አስገድደው አስደወሏት» ስል እሱ «እናቷ ተጨንቃ ደወለችላት» ብሎ ሲተረጉም የአገሩን ቋንቋ በመጠኑ እሰማ ስለነበር ያዝኩት። ምናልባት ድካም ይሆናል፤ ምናልባት እሱም ቤተሰቡ እዚያ ስላለ ፈርቶ ይሆናል፤ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ቃሌ እንዲነበብልኝ ጠየቅሁ፣ አስተካከልኩ፣ ለሚቀጥለውም ጊዜ ከእኔ ማኅበረሰብ ውጭ የሆነና ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚ በስልክ እንዲመደብልኝ በጽሑፍ አመለከትኩ። ተፈቀደልኝ። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ቃላችሁ በምታውቁት ቋንቋ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ አስተርጓሚውንም ካላመናችሁት ምክንያቱን በዝርዝር ለመናገር ሳትገደዱ እንዲቀየርላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

በዚህ ቀጠሮ ላይ የመዝገብ ቁጥር ወሰድኩ፤ የመርማሪዋንም ስምና የሥራ ክፍል ጠየቅሁ። ቤቴ እንደገባሁ የተነጋገርነውን በአጭሩ አድርጌ «በዛሬው ዕለት የሚከተለውን አስታውቄያለሁ» ብዬ በኢሜይል ላክሁላት። መልስ የሰጠችኝ በአንድ መስመር ነው፦ «ደርሶኛል፤ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።» ያች መስመር ከዚያ በኋላ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሁሉ በር አስከፈተችልኝ። ጥገኝነት የሰጠኝ ክፍል አድራሻዬ ከሕዝብ መዝገብ እንዲደበቅ የፈቀደው የፖሊስ መዝገብ ቁጥር ሳቀርብ ነው፤ ቀደም ሲል በቃል ስጠይቅ «ማስረጃ አምጪ» ተብዬ ተመልሼ ነበር።

ፖሊስ አደጋውን ካመነበት በኋላም ቢሆን ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ከብስጭት ያድናል። በ2011 የለንደን ፖሊስ በከተማው ለሚኖሩ ሩዋንዳውያን ስደተኞች የገዛ መንግሥታቸው ለሕይወታቸው አስጊ እንደሆነ የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቷቸው ነበር። ደብዳቤው በሌላ በኩል ፖሊስ ከሰዓት ሰዓት ሊጠብቃቸው እንደማይችል ይነግራቸዋል። እኔም የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ በይዘቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሳነበው ብቻዬን የተተውኩ መሰለኝና ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ ወረቀት በእጄ ካሉት ሰነዶች ሁሉ ጠንካራው ነው። አንድ መንግሥት ስለ ሌላ መንግሥት «አስጊ ነው» ብሎ በፊርማ ማስቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በቃል ብቻ ከተነገራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጽሑፍ አንሰጥም ካሏችሁ የነገሯችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩላቸው። ብዙ አገሮች ይህን ጥቃት በራሱ ስም የሚቀጣ ሕግ ስለሌላቸው መዝገቡ «ማዋከብ» ወይም «ማስፈራራት» ተብሎ ይከፈታል። በስዊድን ስደተኞችን ለውጭ መንግሥት መሰለል ለብቻው ወንጀል ነው፤ ብሪታንያም በ2023 ባወጣችው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ የውጭ ጣልቃ ገብነትን ወንጀል አድርጋለች። እናንተ ያላችሁበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ካለው፣ ቃል ስትሰጡ አንቀጹን በስሙ ጥሩት።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝን ልናገር። የመኖሪያ ፈቃዴን ሳድስ አንዲት ሠራተኛ የአገሬን ፓስፖርት ከኤምባሲ አውጥቼ እንዳመጣ ነገረችኝ። ከዚያ ኤምባሲ ሰዎች ሸሽቼ እንደመጣሁ የሚገልጸው ሰነድ እዚያው ፊቷ ባለው ፋይል ውስጥ ነበር። ኤምባሲና ቆንስላ ውስጥ ስንገባ የተቀባዩ አገር ፖሊስ እንደ ልቡ ሊከተለን እንደማይችል ዓለም ሁሉ በ2018 አይቷል፤ የሳውዲን መንግሥት ይተች የነበረው ጋዜጠኛ ጀማል ካሾግጂ ለጋብቻ የሚሆን ሰነድ ሊወስድ ጥቅምት ወር መግቢያ ላይ በኢስታንቡል ወደሚገኘው የሳውዲ ቆንስላ ገብቶ እዚያው ተገደለ፤ የቱርክ መርማሪዎች ሕንፃውን ለመፈተሽ የገቡት ከ13 ቀን በኋላ ነበር። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ ተብሎ ዕውቅና ለተሰጠው ሰው ተቀባዩ አገር ራሱ የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው በአንቀጽ 28 ይደነግጋል። ችግሩ የሚብሰው ከሙሉ ስደተኝነት ያነሰ ከለላ በተሰጣቸው ላይ ነው፤ ለእነሱም ቢሆን ክርክር አለ። በጀርመን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በጥቅምት 2022 አንድ ኤርትራዊ ፓስፖርት ለማግኘት ሲል በቆንስላው «የጸጸት መግለጫ» ላይ እንዲፈርም ሊገደድ አይገባም ብሎ ወስኗል። እኔ ለሠራተኛዋ የሰጠሁት ምላሽ አጭር ማመልከቻ ነበር፦ ከለላ ያገኘሁበትን ምክንያት ጠቅሼ፣ የፖሊሱን መዝገብ ቁጥር ጨምሬ፣ ወደ ኤምባሲው መሄድ ለእኔ ለምን አደጋ እንደሆነ ገልጬ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓስፖርቱ እንደማያስፈልግ ተነገረኝ። ማንም ሠራተኛ «ሂጂ» ስላለ ብቻ እዚያ በር እንዳትረግጡ እለምናችኋለሁ።

የተቀባዩ አገር ፊት ከፖለቲካው አየር ጋር እንደሚለዋወጥም መካድ አይቻልም። ከአገሬ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለጉብኝት በመጣ ጊዜ ሰላማዊ ሰልፋችን ከሚያርፍበት ቦታ ብዙ ርቆ እንዲሆን ታዘዘ፤ ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ትደውልልኝ የነበረችው መርማሪም ለአንድ ወር ያህል ጠፋች። ቱርክ ስለ ካሾግጂ ግድያ 26 ተጠርጣሪዎችን በሌሉበት መክሰስ ጀምራ፣ ከሳውዲ ጋር መታረቅ በፈለገችበት በ2022 ሚያዝያ ላይ መዝገቡን ዘግታ ወደ ሳውዲ አስተላልፋዋለች። በአህጉራችንም የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብአዊ ተግባር ስለሆነ ማንም አባል አገር እንደ ጠላትነት ሊቆጥረው እንደማይገባ ይናገራል። በሌላ በኩል በአንቀጽ 3 ተቀባዩ አገር ስደተኞች በአባል አገሮች መካከል ውጥረት የሚፈጥር ድርጊት እንዳይፈጽሙ እንዲከለክል ያስገድዳል፤ ጦር መሣሪያን፣ ጋዜጣንና ራዲዮንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰልፎ ይጠራቸዋል። በአፍሪካ አገር ተጠልላችሁ የምትጽፉ ሰዎች ይህን አንቀጽ ማወቅ አለባችሁ፤ የሸሻችሁት መንግሥት ጠበቆች በደንብ ያውቁታልና። ጥንቃቄዬ ይህ ነው፦ ግንኙነቱ በተበላሸበት ወቅት፣ ማለትም ተቀባዩ መንግሥት እኛን ለማድመጥ ጊዜ ባለው ወቅት፣ የሚሰጠኝን ሰነድ ሁሉ በጽሑፍ እወስዳለሁ። ሲታረቁ አዲስ ወረቀት ማግኘት ይከብዳል፤ የተሰጠውን ግን በቀላሉ አይነጥቁም።

ስለ ጉዞ አንድ ታሪክ ይበቃል። የባህሬን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረው ሃኪም አል-አራይቢ በአውስትራሊያ ስደተኛ መሆኑ ታውቆለት ሳለ በኅዳር 2018 ለጫጉላ ሽርሽር ባንኮክ ሲደርስ በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ (ተፈላጊ ሰው ተይዞ እንዲቆይ ለአገሮች በሚሰራጭ ጥሪ) ተያዘ። መምጣቱን አስቀድሞ ለታይላንድ ያሳወቀው በዚያው በአውስትራሊያ ያለው የኢንተርፖል ቢሮ ነበር፤ እንዲፈታ የወተወተውም ያው የአውስትራሊያ መንግሥት ነው። ከሁለት ወር በላይ ታስሮ በየካቲት 2019 ተለቀቀ። አንዱ በር ሌላው የሚያውቀውን እንደማያውቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። የኢንተርፖል መተዳደሪያ ደንብ በአንቀጽ 3 በፖለቲካ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ስለሚከለክል፣ ስማችሁ በመዝገቡ መኖር አለመኖሩን የፋይሎች ቁጥጥር ኮሚሽን የተባለውን አካል በነፃ መጠየቅ፣ ካለም እንዲሰረዝ ማመልከት ትችላላችሁ፤ መልስ ወራት ስለሚወስድ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። የምትሸጋገሩበት አየር ማረፊያ የማን እንደሆነም አስቡ። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ የብሪታንያ ዜግነት ይዘው እንኳ በ2014 በሰንዓ አየር ማረፊያ ሲያልፉ ተይዘው ተላልፈው ተሰጥተዋል፤ የተፈቱት በ2018 ነው።

ስለ ስልክና ኮምፒውተር አጠር አድርጌ አልፋለሁ፣ ብዙ ተጽፏልና። ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ቢጠለፍ ግን ፍርድ ቤት ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በአሜሪካ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በስለላ ሶፍትዌር ተጠልፏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ሲከስ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 መንግሥታት ያለመከሰስ መብት አላቸው በሚል ዘጋው፤ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2022 በሳውዲ ላይ ለቀረበ ተመሳሳይ ክስ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ ጠበቃ ስትይዙ በመጀመሪያ የምትጠይቁት «በዚህ አገር የውጭ መንግሥት ይከሰሳል ወይ?» የሚለውን ይሁን። የተጠለፈ የሚመስላችሁን ስልክ አጥፍታችሁ አኑሩት እንጂ አትጣሉት፣ አታጽዱትም።

የተቀባይ መንግሥት እጅ ጨርሶ የማይደርስበት ነገር እዚያ የቀረው ቤተሰብ ነው። ስለ እናቴ ለመርማሪዋ ነግሬያታለሁ፤ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በጠበቃዬ በኩል ጽፌያለሁ፤ ለአንድ የፓርላማ አባልም አቤት ብያለሁ። የተሰጠኝ መልስ በአክብሮት የተጻፈ ነው፦ ዜጋቸው ባልሆነች ሴት ጉዳይ፣ በገዛ አገሯ፣ ሊያደርጉት የሚችሉት ውስን ነው። የቤተሰብ ማገናኘት ሕጉም በምኖርበት አገር ለትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች እንጂ ለወላጅ አይደለም። ያገኘሁት ብቸኛ ነገር ስሟ ከእኔ መዝገብ ጋር መያያዙ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስባት ከእኔ ሥራ ጋር የተገናኘ መሆኑ አስቀድሞ ተጽፏል። ለዚያም ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።

ባለፈው ወር መርማሪዋ ፎቶግራፉ የተላከበት ቁጥር በሐሰተኛ ስም የወጣ እንደነበር፣ ምርመራው ግን እንዳልተዘጋ ነግራኛለች። ቤት ቀይሬያለሁ። በአዲሱ በሬ ላይ ቁጥር የለም፤ ደብዳቤዬም በጠበቃዬ አድራሻ ይመጣል። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ትደውላለች፤ ሰዓቱን በደብተሬ ግራ ገጽ እጽፋለሁ። አሁንም በሙሉ ስሜ ነው የምትጠራኝ።